ሪሴት ከመጫናችሁ በፊት፦ ሂት ፓምፔን ያጣሁበት የብርድ ወቅት

ከውጭው አየር ሙቀት እየወሰደ የቤቱን ውሃ የሚያሞቅ ሂት ፓምፕ አለኝ። አሁን ያለው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛ ብርዱን ሳይጨርስ በእጄ ሞተ። በእጄ የምለው ለማጋነን አይደለም፤ ማሽኑ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየቆመ ችግር እንዳለበት ሲነግረኝ፣ እኔ ሪሴት እየተጫንኩ ሳስነሳው ከረምኩ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ቴክኒክ ሳትማሩ እንዲህ ያለ ማሽን ለተከላችሁ ሰዎች ነው። እኔ ያጠፋሁትን እናንተ እንድትደግሙት አልፈልግም።

ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት የነበረን የጋዝ ቦይለር ነው። ቦይለር ለባለቤቱ ቀላል ነው። ብርዱ ሲጠና ቁጥሩን ከፍ ታደርጋላችሁ፣ ራዲያተሩ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፣ በቃ። አዲሱንም ማሽን በዚያው ልማድ ያዝኩት። ራዲያተሩን ስነካው ለብ ብሎ አገኘዋለሁ እንጂ አያቃጥልም። «ይሄ ነገር አልሠራም» አልኩ። ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር 20 ዲግሪ እያሳየ እኔ በመዳፌ ስሜት ፈረድኩ። የስህተቴ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። ሂት ፓምፕ ለብ ባለ ውሃ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲሠራ የተሠራ ነው፤ ለብ ማለቱ የጤንነቱ ምልክት ነው።

የሁለተኛው ዓመት ብርድ ገና ሲጀምር ከባድ ቅዝቃዜ መጣ፤ ውጭ ከዜሮ በታች 14 ደረሰ። እኔም የመሄጃውን ውሃ፣ ማለትም ከማሽኑ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን፣ 60 ላይ አደረግኩት። ማሽኑ 56 ላይ ደርሶ ከዚያ አልፎ መሄድ አቃተው። ሰነፍ መሰለኝ። ላግዘው ብዬ የማንጠቀምባቸውን ክፍሎች ራዲያተሮች አንድ በአንድ ዘጋሁ። ከዘጠኙ ስድስቱን ማለት ነው። የሚያሞቀው ውሃ ካነሰ ቶሎ 60 ይደርሳል ብዬ አሰብኩ።

በዚያው ቀን ማታ ማሽኑ ቆመ። ስክሪኑ ላይ የስህተት ቁጥር መጣ፤ መመሪያው ውስጥ ፈልጌ «ከፍተኛ ግፊት» የሚል አገኘሁ። ሪሴት ተጫንኩ፣ ተነሣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ቆመ። እንደገና ተጫንኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ቁጥር መጣ፣ «አነስተኛ የውሃ ፍሰት» የሚል። ያኛው ግፊት ይኼኛው ፍሰት፣ የተለያዩ ችግሮች መሰሉኝ። በቀን እስከ አራት ጊዜ ሪሴት የተጫንኩበት ቀን አለ። ማሽኑ ከተነሣ ደህና ነው ብዬ ነበር የማስበው። የገጠመለትን ሰው ልደውልለት ብዬ «ቅዳሜ ይሻላል» እያልኩ ሁለት ቅዳሜ አሳለፍኩ።

ከዚያ ብርዱ ረገብ አለ። ውጭ 1 ዲግሪ ሆነ፣ ጉም ወረደ። እኔም «ተገላገልን» አልኩ። አንድ የማላውቀው ነገር ነበር፤ ለእነዚህ ማሽኖች ብዙ በረዶ የሚሠራባቸው ከዜሮ በታች 15 የሆነው ደረቅ ቀን አይደለም። ከዜሮ እስከ 3 ዲግሪ ያለው እርጥብ አየር ነው። እርጥበቱ የውጭው ክፍል ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ላይ ይረጋና ነጭ ካባ ይሆናል። ማሽኑ ይህን ለማቅለጥ በየጊዜው ሥራውን ይገለብጣል። ባለሙያዎቹ ዲፍሮስት ይሉታል። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ሙቀት የሚወስደው ከቤቱ ውሃ ነው። ውሃውና ሙቀቱን የሚሸከመው የማሽኑ ጋዝ ተለያይተው በስስ የብረት ሉሆች የሚገናኙበት ዕቃ፣ ፕሌት የሚሉት፣ በዚያ ሰዓት ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል። ውሃው በቂ ሙቀት ካለውና በፍጥነት ካለፈ ምንም አይሆንም። ውሃው ጥቂት ከሆነና እየተንፏቀቀ የሚያልፍ ከሆነ ግን እዚያው ሉሆቹ መካከል በረዶ ይሆናል።

ጠዋት ስነሳ ቤቱ ቀዝቅዟል። የውሃው ግፊት ጌጅ ሁልጊዜ 1.5 ባር ላይ የሚቆም ነበር፤ መርፌው 3 አካባቢ ይንቀጠቀጣል፣ ከሴፍቲ ቫልቩ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። አየር ገብቶበት ይሆናል ብዬ ሳሎን ያለውን ራዲያተር በቁልፉ ከፈትኩ። ጭስስስ አለ። ሌላ ጊዜ ለአምስት ሰከንድ ተንፍሶ ውሃ ይተፋል፤ ያን ዕለት አንድ ደቂቃ አለፈው፣ ሁለት ደቂቃ አለፈው፣ አያቆምም። እናቴ አጠገቤ ወንበር ላይ ነበረች፣ ብርድ ልብስ ለብሳ። ያኔ ነው የደወልኩት።

ስልኩን ያነሣው በዕድሜ የገፋ ቴክኒሻን ነው። የሆነውን ስነግረው ድምፁ ተለወጠ። «ልጄ፣ ቁልፉን ዝጋ። መስኮቶቹን ክፈት። እሳት እንዳትለኩስ፣ እናትህን ከክፍሉ አውጣ» አለኝ። እየወጣ የነበረው አየር አልነበረም። ፕሌቱ በበረዶ ተሰንጥቆ የማሽኑ ጋዝ ወደ ራዲያተሩ ውሃ ገብቶ ነበር። የእኔ ማሽን የሚሠራው አር 32 በሚባል ጋዝ ነው፤ እሱ በመጠኑ ይቀጣጠላል፣ ሽታም ስለሌለው አፍንጫ አያስጠነቅቅም። በብዙ አዳዲስ ማሽኖች ውስጥ ያለው አር 290 ደግሞ ፕሮፔን ነው፤ እሱማ በደንብ የሚነድ ጋዝ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ፦ ማሽኑ በፍሰት ወይም በበረዶ ስህተት ከቆመ በኋላ የውሃው ግፊት ያለ ምክንያት ከፍ ካለ፣ ራዲያተር አትክፈቱ። ማሽኑን ከኤሌክትሪክ አጥፉ፣ ቤቱን አናፍሱ፣ ሻማም ሲጋራም አይለኮስ፣ ባለሙያ ጥሩ።

ከሰዓት በኋላ መጣ። መጀመሪያ ያወጣው ከመመለሻው ቱቦ ላይ ያለውን ማጣሪያ ነው። ጥቁር ጭቃ ተሞልቷል። ጣቱን አስገብቶ አወጣው፤ ግሪስ የነካ ይመስላል። ከድሮዎቹ ራዲያተሮች የተላጠ የብረት ዝገት ነው። እኔ ማጣሪያ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ቀጥሎ «መመሪያህን አምጣ» አለኝ። አመጣሁ። ስህተት ቁጥሮቹ ያሉበትን ገጽ እንደሚፈልግ ገምቼ ነበር፤ እሱ ግን ወደ መጨረሻው ገልጦ አንድ ትንሽ ሥዕል ላይ ጥፍሩን አኖረ። በታች በኩል የውጭው አየር ሙቀት፣ በጎን የመሄጃው ውሃ ሙቀት ተጽፏል፤ መሐሉ ላይ አንድ ጥግ የተቆረጠ ሳጥን ተስሏል።

«ይሄ አጥሩ ነው። ማሽኑ በዚህ ውስጥ ይኖራል» አለኝ። የእኔ ማሽን ውጭው ከዜሮ በታች 10 እስኪደርስ ድረስ 60 ዲግሪ ውሃ ይሰጣል። ከዚያ መስመሩ ማጎንበስ ይጀምርና ከዜሮ በታች 20 ላይ 50 ይሆናል። ጥፍሩን ከዜሮ በታች 14 ላይ አድርጎ ወደ ላይ ሲያወጣው መስመሩን የነካው 56 ላይ ነው። ሰነፍ ብዬ የሰደብኩት ማሽን አጥሩ ላይ ደርሶ ነበር የቆመው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነም አስረዳኝ። ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ የሚለፋው በውጭው አየርና እኛ በምንፈልገው ውሃ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ውጭ 7 ሆኖ ውሃው 35 ከሆነ ልዩነቱ 28 ነው። ውጭ ከዜሮ በታች 14 ሆኖ 60 ስንለው 74 ይሆናል። ጋዙን ያን ያህል ሲጨምቀው ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው ጋዝ ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ዘይቱ ይሳሳል፣ መበላሸት ይጀምራል። ግፊቱም ቀላል አይደለም፤ አር 32 በ60 ዲግሪ ወደ ፈሳሽነት ሲለወጥ ግፊቱ 40 ባር ገደማ ነው። የመኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል አካባቢ እንደሆነ አስቡት።

እኔ ግን አሁንም አልገባኝም ነበር። «56 ላይ ራሱ ከቆመ ታዲያ ምን ገደለው?» ብዬ ጠየቅኩ። ያኔ ያለኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ይህ አጥር የተሳለው ውሃው በታዘዘው ልክ እየፈሰሰ ነው ተብሎ ነው አለኝ። ፍሰቱ ከጎደለ ሥዕሉ ዋጋ የለውም። ስድስት ራዲያተር ስዘጋ፣ ማጣሪያው ደግሞ በጭቃ ሲደፈን፣ የተመረተውን ሙቀት የሚወስድ ውሃ ጠፋ። በብርዱ ሰሞን ሙቀቱ መሄጃ አጥቶ ግፊቱ ወደ ላይ ወጣ፣ «ከፍተኛ ግፊት» አለኝ። በዲፍሮስት ጊዜ ደግሞ ያው ፍሰት ጎድሎ ፕሌቱ ቀዘቀዘ፣ «አነስተኛ ፍሰት» አለኝ። ሁለት የመሰሉኝ ችግሮች አንድ ነበሩ። ማሽኑ በየጊዜው በመቆም ራሱን ያድን ነበር። በቆመ ቁጥር ሉሆቹ መካከል የቀረችውን ትንሽ በረዶ እንድትቀልጥ ጊዜ ሳልሰጥ ሪሴት ስጫን፣ በላዩ ሌላ በረዶ ተጨመረ። እንዲህ እየተደራረበ ብረቱን ሰነጠቀው። ጋዙ ወደ ውሃው ወጥቶ ሲያልቅ ውሃው በተራው ወደ ጋዙ መሥመር ገባ፤ ውሃ የገባበት ኮምፕረሰር ደግሞ አይተርፍም።

ዋስትናው አልሸፈነውም። ስንት ጊዜ እንደቆመና ስንት ጊዜ እንደተነሣ ማሽኑ ራሱ መዝግቦ ይዞታል፤ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም። የውጭው ክፍል በሙሉ ተለወጠ፣ የቤቱ ቱቦዎች ታጠቡ። እስኪጠናቀቅ ሰባት ሳምንት በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ኖርን።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያንን ሥዕል ፈልጉ። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ አለው፤ የጎረቤት ማሽን ቁጥር ለእናንተ አይሠራም። በጥቅሉ የድሮዎቹ አር 410ኤ ማሽኖች 55 ዲግሪ አካባቢ ይቆማሉ፣ አር 32 እስከ 60 ወይም 65፣ አር 290 እስከ 70 ወይም 75 ይደርሳል። መድረስ መቻሉ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያ ይዋል ማለት አይደለም። የውሃው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ኤሌክትሪክ የመቆጠብ አቅሙ ከ2 እስከ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እኔ አሁን ሁለት ክፍል ውስጥ ሰፋ ያለ ራዲያተር አስገብቼ በከባዱ ብርድ እንኳ ከ45 አላልፍም። ቁጥሩንም በእጄ አልነካም፤ ውጭው ሲቀዘቅዝ ራሱ ውሃውን ከፍ፣ ሲሞቅ ዝቅ የሚያደርገውን ማስተካከያ አብርቼዋለሁ። ቤቱ ቢበርዳችሁ በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ጨምሩና አንድ ሙሉ ቀን ጠብቁ። በየሰዓቱ መነካካት ምንም አያስተምራችሁም።

አጥሩ ከታችም አለ። ማሞቂያው ለቀናት ጠፍቶ የራዲያተሩ ውሃ ከቀዘቀዘ፣ ማሽኑን በቀጥታ ማስነሳት ልክ እንደ እኔ ፕሌት ያለ አደጋ ያመጣል፤ ለዲፍሮስት የሚሆን ሙቀት ውሃው ውስጥ የለምና። መመሪያው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሙቀት እስኪደርስ መጀመሪያ በተጠባባቂው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሙቅ።

ፍሰቱን ለማወቅ የሚረዳችሁ ቀላል ስሌት አለ። የመሄጃውና የመመለሻው ውሃ ልዩነት 5 ዲግሪ እንዲሆን ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት በደቂቃ 3 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። የእኔ 8 ኪሎዋት ነው፤ ስለዚህ 23 ሊትር አካባቢ ማየት አለብኝ። አብዛኞቹ ማሽኖች ይህን ቁጥር ስክሪናቸው ላይ ያሳያሉ፤ ካላሳዩ ሁለቱን ሙቀቶች አነጻጽሩ። ማሽኑ በሙሉ አቅሙ እየሠራ ልዩነቱ 10 ዲግሪ ካለፈ ፍሰት ጎድሏል። እኔ በየእሑዱ ቁጥሩን በደብተር እጽፋለሁ። አንድ ቀን ብቻ ያየ ሰው ምንም አይገባውም፤ 24፣ 23፣ 21፣ 18 እያለ ሲወርድ ግን ማጣሪያው እየተደፈነ መሆኑን ማንም ያያል። ማጣሪያውን ከገጠማ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ደጋግማችሁ፣ ከዚያ ቢያንስ ብርድ ከመግባቱ በፊት እጠቡት። የድሮ የብረት ራዲያተር ካላችሁ ማግኔት ያለው ማጣሪያ አስገጥሙ። ራዲያተሮችንም አትዝጉ። የማትጠቀሙበትን ክፍል ትንሽ ዝቅ አድርጉት እንጂ ለማሽኑ የሚበቃ ውሃ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይዙር፤ ስንት ሊትር መሆን እንዳለበት መመሪያው ላይ ተጽፏል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ውሃው እስከ ውጭው ክፍል ድረስ በሚሄድባቸው ማሽኖች ላይ፣ ኤሌክትሪክ ከሌለ ውሃውን የሚያዞር የለም፤ በከባድ ብርድ በሰዓታት ውስጥ ይረጋል። መከላከያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውሃው 3 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱ ተከፍቶ የሚያፈስ ቫልቭ ነው። ሁለተኛው አንቲፍሪዝ ነው፤ ፕሮፒሊን ግላይኮል ከውሃው 30 በመቶ ሲሆን እስከ ከዜሮ በታች 13 ገደማ ይጠብቃል። ኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው መርዛማ ስለሆነ ቤት ውስጥ አታስገቡት። ሁለቱን መከላከያዎች አንድ ላይ አታድርጉ፤ ቫልቩ ተከፍቶ ግላይኮሉን ሁሉ መሬት ላይ ያፈሰዋል። ግላይኮል ውሃውን ስለሚያወፍረው ፍሰቱ እንደገና መለካት አለበት፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። መብራቱ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ሲመለስም ኮምፕረሰሩን ወዲያው አታስነሱ። ሥሩ ያለችው ትንሽ ማሞቂያ ዘይቱን እስክታሞቀው መመሪያው የሚለውን ሰዓት ታገሡ።

የውጭውን ክፍል በተመለከተ አንድ ሌላ ጥፋቴን ልንገራችሁ፤ በረዶ እንዳይወርድበት ብዬ በሸራ ሸፍኜው ነበር። ማሽኑ የተነፈሰውን ቀዝቃዛ አየር መልሶ ሲስብ፣ ለእሱ ውጭው ከእውነተኛው ብዙ ዲግሪ የቀዘቀዘ ይሆናል። ፊት ለፊቱን ክፍት ተዉት፣ ሥሩ የቀለጠው ውሃ የሚሄድበት ይኑረው። በቅጠሎቹ ላይ የረጋውን በረዶ በቢላ አትፈልፍሉ። አር 290 ከሆነ ደግሞ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል፤ በዙሪያው መመሪያው በሚለው ርቀት ውስጥ የምድር ቤት መስኮት፣ የፍሳሽ ጉድጓድና ብልጭታ የሚፈጥር ነገር መኖር የለበትም።

የገላ መታጠቢያ ውሃን ዝቅ ማድረግም ገደብ አለው። ሊጅዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል። ስለዚህ የሞቀው ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል አልፎ አልፎ 60 ይድረስ፤ ሂት ፓምፑ ካልቻለ የመጨረሻዎቹን ዲግሪዎች የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ይጨርስ። 60 ዲግሪ ውሃ ግን በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ ይልጣል። ሕፃን ወይም አረጋዊ ያለበት ቤት ከቧንቧው በፊት ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ቫልቭ ያስገጥም። እኛ ለእናቴ ስንል አስገጥመናል።

ባለፈው ወር ሌሊት ማሽኑ ቆመ፤ አነስተኛ ፍሰት ይላል። እናቴ ከክፍሏ «ልጄ፣ ቆመ እኮ» አለችኝ። የእጅ ባትሪዬን ይዤ ወረድኩ። በቅድሚያ የግፊቱን ጌጅ አየሁ፣ 1.5 ላይ ነው፣ አልተነሣም። ደብተሩን ገለጥኩ፣ ያለፈው እሑድ 19፣ ዛሬ 15። ማሽኑን አጥፍቼ የማጣሪያውን ሁለት ቫልቮች ዘጋሁ፣ ማጣሪያውን ፈትቼ አጠብኩት፣ መልሼ ገጥሜ ቫልቮቹን ከፈትኩ። በረዶ ተፈጥሮ ከሆነ ይቅለጥ ብዬ ውሃውን የሚያዞረውን ትንሽ ፓምፕ ብቻ አብርቼ፣ ኮምፕረሰሩን ሳልነካ ሁለት ሰዓት ውሃውን አዞርኩት። ፍሰቱ 24 ሆነ፣ ጌጁም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ሪሴት የተጫንኩት ከዚያ በኋላ ነው።